ፑ ቹአካ ልክ የሆነበት ዘፈን

በሰፈራችን የእንግሊዝኛ ዘፈን ትርጉም የሚጠየቀው ፑ ታንግቹአካ ነበር፤ ፑ በእኛ ዘንድ "አቶ" እንደማለት ነው፣ ለሴት ደግሞ ፒ፤ ሰዉ ሲያሳጥረው ፑ ቹአካ ይለዋል። ችግሩ፣ ፑ ታንግቹአካ እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን ግን አሥር ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃበትም። ከገበያው ደረጃ በታች፣ ግማሿ መሬት ላይ ግማሿ በእንጨት ምሰሶ ገደል ላይ የቆመች የጫማ መጠገኛ ሱቅ አለችው። እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ የሮክ ጊታር ሲጮህ ራሱን እየነቀነቀ ሶል ይሰፋል። ጎረምሶች ደጁ ላይ ይኮለኮሉና "ፑ ቹአካ፣ አሁን ምን እያለ ነው?" ይሉታል። እሱ ሚስማሩን ያወጣል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ከዚያ "ይሄ ሰው ወንዝ ሞልቶበት ከእናቱ ጋር ማዶና ማዶ ቀርቷል" ይላል። የሚቀጥለውን ሲጠይቁት ደግሞ "ወንድሙ ከዘመቻ አልተመለሰም፤ ዝናቡም አላባራ ብሎታል" ይላል። የፑ ቹአካ ዘፈኖች በሙሉ ዝናብ አለባቸው። በሕንድ ኮረብታ ላይ ባለችው ከተማችን በአይዞል የዓመቱ ግማሽ ዝናብ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም።

ጉዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማዊያ እባላለሁ፤ ዛሬ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ያኔ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሺሎንግ ከተማ ኮሌጅ አንድ ዓመት ተቀምጬ ለገና ተመልሼ ነበር። በሻንጣዬ መዝገበ ቃላት ይዣለሁ፣ በልቤ ደግሞ ትዕቢት። ሱቁ ደጅ ላይ ሰው ሙሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ፑ ቹአካ "ስለ ሞተ ወንድም ነው" ያለውን ዘፈን ቴፑን እያስቆምኩ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ዘፈኑ ስለ መኪና ነበር። መኪናው ፈጣን ነው፣ ቀይ ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፤ በቃ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፑ ቹአካም አብሮ ሳቀ፤ "ታዲያ መኪናውን ማን ትቶለት ነው?" ብሎ ሊከራከር ሞከረና ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "አስተርጓሚው" ሆኖ ቀረ። አንድ ሰው የማይሆን ነገር ሲያወራ "የአስተርጓሚውን አመጣኸው" ይባላል። እኔም ይህችን ታሪክ በየሠርጉና በየግብዣው ሳወራት ኖርኩ፤ አንድም ቀን አላፈርኩባት።

ማንም የማይቀልድበት ሌላ ሥራ ነበረው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ከኮረብታው ጫፍ ያለው ድምፅ ማጉያ ስሙን ይናገራል፤ ከዚያ ከየቤቱ አንድ አንድ ወጣት ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብር ይወጣል። ያንን ቁፋሮ ሠላሳ ዓመት የመራው ፑ ቹአካ ነው። የእኔን አባት መቃብር ያስቆፈረ እሱ ነው፣ የብዙዎቻችንንም። የእኛ መቃብር ቀጥ ብሎ ወርዶ አያበቃም። ከሰው ቁመት በላይ ከተቆፈረ በኋላ፣ ከታች በጎኑ በኩል ሳጥኑን የሚችል ዋሻ ይፈለፈላል። ሳጥኑ እዚያ ይገባል፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋል፣ አፈሩ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የእኛ ሙት ላይ አፈር አይወድቅበትም። ዋሻውን መፈልፈል ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ሁለት አያስገባም። ቀጠን ያለ ሰው ይገባል፣ በጎኑ ተኝቶ በአጭር ዶማ ይፈለፍላል፣ በመጨረሻ ለሳጥኑ ይበቃ እንደሆነ ራሱ ተዘርግቶ ይለካዋል። በሰፈራችን "ገቢው" የሚባለው ያ ሰው ነው።

ፑ ቹአካ ለብዙ ዓመታት ገቢው ራሱ ነበር። በኋላ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ሲመጣ እምቢ ማለት አቃተውና ሆዱ ከቀበቶው ቀደመ። ሥራው ወደ ቢያክዲካ ዞረ። ቢያክዲካ የፒ ሮዙአሊ አንድ ልጅ ነው፤ ፒ ሮዙአሊ ደግሞ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ገበያው ደረጃ ላይ ጎመንና የቀርቀሃ ቡቃያ እየሸጠች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ልጁ ሰውነቱ ትንሽ ነበር፤ ጊታሩን ሲያነግት ጊታሩ እሱን ያነገተ ይመስል ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ግራ ይገባ ነበር። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ይለማመድ ነበር። ከሰፈሩ ወጣት ሁሉ የፑ ቹአካን ትርጉም የሚጠይቅ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በሱቁ በኩል ሳልፍ "መዝገበ ቃላቱ የሚለውንማ ስልኬም ይነግረኛል፤ እኔ የምፈልገው የፑ ቹአካን ነው" ሲል ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር ከነከነኝ።

በግንቦት ባንዱ አዲስ ዘፈን አወጣ። ስሙ "የጎን ክፍል" ይባላል፤ በእኛው በሚዞ ቋንቋ ነው፤ ጊታሩ መሬት ያንቀጠቅጣል፣ ከበሮው ይዘንባል። ቃሉ እንዲህ ነበር፦

ቶሎ ቆፍሩ፣ ደመናው ሳይወርድ፣
አልጋዬን ከጎን አድርጉልኝ።
ሻዩን ጠጡ፣ እኔን አትጠብቁ፣
ስሜን አትጥሩ፣ እየዘፈንኩ ነው።
ዝም ስል ጥሩኝ፣ ያኔ ጥሩኝ፣
እጃችሁን ስጡኝ፤ ብርሃን ከላይ ነው።

ሁሉም ወደደው። ተማሪዎቼ ጠረጴዛ እየመቱ ክፍል ውስጥ ይዘፍኑታል፤ እኔም እየተቆጣኋቸው በሆዴ አንጎራጉረዋለሁ። ዘፈኑ ስለ ሞት እንደሆነ ማንም አላጣውም፤ ግን የሮክ ዘፈን ስለ ሞት ካልሆነ ስለ ፍቅር ነው ብለን አለፍነው።

በሐምሌ፣ በአንድ ዝናባማ ምሽት፣ ቢያክዲካ ከልምምድ ሲመለስ ስኩተሩ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። ያ መታጠፊያ በየክረምቱ ድንጋይ የሚወርድበት ነው። ያየ ሰው ግን አልነበረም። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራ። ወዲያው ቤቱ፣ በረንዳው፣ ደረጃው፣ ከታች ያለው መንገድ ሁሉ በሰው ሞላ። ሴቶቹ እናቲቱን ከበው ተቀመጡ፣ ወንዶቹ ውጭ አግዳሚ ላይ ኩህቫ የሚባለውን ፍሬ እያኘኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ ዘፈኑን በስልኩ ከፈተ። ናፍቆት ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዲት ሴት "እዩት፣ አስቀድሞ ነግሮን ነበር እኮ" አለች።

አውቆ ነው ገደል የገባው የሚለው ወሬ በረንዳውን ዞሮ ለመጨረስ ሻይ እስኪፈላ አልፈጀበትም። ኡፓ ዳርቱአማ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በቀብሩ ላይ የሚናገረው እሱ ስለነበር ተጨንቆ ነው።

"ማዊያ፣ አንተ የተማርክ ነህ" አለኝ። "ይሄ ልጅ ምን እያለ ነው?"

ምን ነበረበት "አላውቅም" ብል? መነጽሬን አደረግሁ፣ ስልኩን ተቀበልኩ፣ ሁለት ጊዜ ሰማሁና ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አንድ በአንድ ፈታሁት። "'ቶሎ ቆፍሩ' ሲል ሞትን እያፋጠነ ነው" አልኩ። "'እኔን አትጠብቁ' ስንብት ነው። 'ዝም ስል ጥሩኝ' ያለው ደግሞ ወቀሳ ነው፤ በቁሜ ሳለሁ አልጠራችሁኝም፣ ስሞት ትጠሩኛላችሁ ማለቱ ነው። ከላይ ያለው ብርሃን ሰማይ ነው።" ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጥሩ አድርጌ በመፍታቴ ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከጀርባዬ ያለው የሸንበቆ ግድግዳ መሆኑን ረስቼ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ፒ ሮዙአሊ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩም ተነስታ ወጣችና ፊቴ ቆመች።

"ማዊያ፣ ልጄ ትቶኝ ነው የሄደው?" አለችኝ።

ስልኩን ለባለቤቱ መለስኩ። ያ ራሱ መልስ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያ በር የገባውን ሁሉ፣ ሽማግሌውን፣ ጎረቤቱን፣ ከሌላ ሰፈር የመጣውን እንግዳ ሳይቀር እጁን ይዛ "ትቶኝ ነው የሄደው?" ትለዋለች። አታለቅስም። ሁሉም አቀርቅሮ ያልፋል። ባሏን በሕመም ቀብራ ቀና ብላ የኖረች ሴት ናት፤ ይሄኛው ግን ሊያጎብጣት እንደሆነ ዓይናችን እያየ ነበር። ኡፓ ዳርቱአማ የባንዱን ልጆች ጠርቶ ጊታሮቻቸውን እንዲያስቀምጡ፣ ዘፈኑም ቀብር ላይ እንዳይነሳ ነገራቸው።

አናጺው የሳጥኑን ርዝመት በቀርቀሃ ለክቶ ቆረጠና መቃብር የሚያደርሰው ሰው ፈለገ። እኔ ነጠቅሁት። ከዚያ በረንዳ የሚያርቀኝን ማንኛውንም ነገር እነጥቅ ነበር።

መቃብሩ ላይ ጉም አፍንጫችን ድረስ ወርዷል። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ጭቃ በጭቃ ሆነው ቆመዋል፤ ቀጥታው ጉድጓድ አልቋል፣ የጎኑ ግን ተጀምሮ ቆሟል። ፑ ቹአካ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ዶማ ጉልበቱ ላይ አስተኝቷል።

"ለምን ቆማችሁ?" አልኩ።

"ገቢው ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነው" አለኝ። "እነዚህ ሁሉ ትከሻቸው አያስገባቸውም። ገባ ያለውም ፈርቶ ወጣ።"

ቀርቀሃውን ሰጠሁት። ከዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ነገርኩት፤ የሴትየዋን ጥያቄ፣ ጊታሮቹ መከልከላቸውን። ፑ ቹአካ ቀርቀሃውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረ።

"ማን ነው እንዲህ ብሎ የፈታው?"

"እኔ ነኝ።"

በሕይወቱ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር። "መኪናውን እሺ ብዬሃለሁ" አለኝ። "መኪና ነው ካልክ መኪና ነው። ይሄን ግን አንተ ከየት ታውቀዋለህ? አንድ ቀን ጉድጓድ ወርደህ ታውቃለህ?"

አልወረድኩም። ከኮሌጅ ከተመለስኩ ጀምሮ ለቀብር ስጠራ ስም መዝጋቢ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ፤ ዶማ ሲታደል ወገቤን ያመኛል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፑ ቹአካ ጭቃውን ሳይጠርግ ወደ ሐዘኑ ቤት ወረደ። እኔ ከኋላው ተከተልኩት። በረንዳው ላይ ሲደርስ ኡፓ ዳርቱአማ ለመነሳት ተቁነጠነጠ፤ እሱ ግን በቀጥታ ወደ እናቲቱ ሄዶ ፊቷ ቁጢጥ አለ።

"ሮዙአሊ" አላት፤ አብሮ አደጎች ስለሆኑ ማዕረግ አይጠቀሙም። "ዘፈኑ ስለ ሞት አይደለም። ስለ ቁፋሮ ነው።"

ከዚያ ከበረንዳው ጥግ ያልታወቀ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። "አስተርጓሚው መጣ" ያለም ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁላችንም ሰማነው።

"ሞተ እያለ የሚዘፍነው ሰው አልሞተም" ብሎ ቀጠለ ፑ ቹአካ፤ ላብ አጠመቀው፤ ንግግር አይሆንለትም። "ሻዩም ሻይ ነው። እጁም እጅ ነው። ዝናብም… ዝናብ የለበትም ይሄኛው። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ነው፣ ማለቴ…"

"ፑ ቹአካ" አለው ኡፓ ዳርቱአማ፣ በሐዘኔታ፣ "የኖርክበት ጨዋታ እንደሆነ እናውቃለን። ዛሬ እንኳን ተወን። ሴትዮዋን በውሸት አታጽናናት።"

ፑ ቹአካ ፊቱ ቀላ። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ ያንን ስም ያወጣሁለት ራሴ ነኝ፣ ዛሬ እውነት ቢናገር እንኳ እንዳይታመን ያደረግሁት ራሴ ነኝ። የዚያን ጊዜ አፈርኩ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ፑ ቹአካ የጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ተነሳ። "እሺ፣ መናገር አልችልም" አለ። "እንግዲያው ኑና አሳያችኋለሁ። አንተም ና ዳርቱአማ፣ አንተም መምህሩ። የማያምን ሰው ከፊት ይምጣ።"

"እኔም እመጣለሁ" አለች ፒ ሮዙአሊ።

በሰፈራችን እናት ከሬሳው ቀድማ መቃብር አትወጣም። ሴቶቹ ቀሚሷን ያዙ። እሷ እጃቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ጫማዋን ተጫማች፣ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ግማሹ በረንዳ ተከተላት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሻይ የሚያመላልሱት ልጃገረዶች ማንቆርቆሪያውን ይዘው ደርሰው ነበር። ፑ ቹአካ ሸሚዙን አወለቀ። ያ ሆድ ብርድ ላይ ወጣ። "ስሙኝ" አለ፤ ከመቃብሩ አጠገብ አፉ ይፈታል። "የሠላሳ ዓመት ሰው ሳለሁ ጎን ስፈለፍል አፈር ተናደብኝ። እዚህ ላይ ያሉት ሻይ እየጠጡ ነበር። ዝም አልኩ፣ እነሱም ዝም ብዬ እየሠራሁ መሰላቸው። በስንት መከራ አወጡኝ። ከዚያ ወዲህ ስገባ እዘፍናለሁ። አላቋርጥም። ዘፈን ካለ ሰውየው አለ። ዘፈኑ ከቆመ ስሙ ይጠራል፤ ካልመለሰ ይቆፈራል። እየዘፈነ ሳለ ግን ማንም እንዳይጠራው፤ ሊመልስልህ ሲል ያቋርጣላ፣ ያኔ የትኛው ዝምታ የአፈር እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ይህን ለቢያክዲካ ነግሬዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ከታች ይዘፍናል፣ እኔ ከላይ ጆሮዬን እጥላለሁ።"

"እኛ እኮ ስለሚሰለቸው የሚዘፍን ነው የመሰለን" አለ ከቆፋሪዎቹ አንዱ። "ለምን አልነገሩንም?"

"አፈር ይናዳል ብዬማ ብነግርህ ማን ይገባልኝ ነበር?" አለና መሰላሉን ይዞ ወረደ።

ከዚያ ያየሁትን ሌላ ቀን ባየው ኖሮ እስቅ ነበር። ያ ሰው በስድሳ አንድ ዓመቱ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ እያቃሰተ፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎኑ ዋሻ ተሳበ። መጀመሪያ ራሱ ጠፋ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻ እግሩ ብቻ ቀረ። ዶማው መፈልፈል ጀመረ። አብሮትም ዘፈኑ፦ በዚያ ሻካራ፣ ዜማ በማያውቅ ድምፁ የቢያክዲካን ዘፈን ይዘፍን ጀመር።

"ቶሎ ቆፍሩ፣ ደመናው ሳይወርድ፣ አልጋዬን ከጎን አድርጉልኝ።"

ጉሙ ትከሻችን ላይ ነበር። ቆፋሪዎቹ ሳይታዘዙ የሚወጣውን አፈር በአካፋ ይቀበሉ ጀመር፤ ዝናብ ከመጣ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ሁልጊዜም ሩጫ ነው። "ሻዩን ጠጡ፣ እኔን አትጠብቁ" ሲል አንዷ ልጃገረድ በእጇ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አየች። ቀድተው ለሁሉም የሚያድሉት ገቢው ገና ከታች ሳለ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ይጠጣል። ይህን በየቀብሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔ እኮ የሻዩ ወገን ነኝ።

"ስሜን አትጥሩ፣ እየዘፈንኩ ነው።"

ከዚያ ዘፈኑ ቆመ።

ዶማውም ቆመ። አንድ ትንፋሽ ጠበቅን፣ ሁለት፣ ሦስት። ከጉድጓዱ ምንም አይሰማም። ከአፋፉ ትንሽ አፈር ተንሸራቶ ጠብ አለ። የሁላችንም ፊት ተለዋወጠ። በዚህ መሃል ኡፓ ዳርቱአማ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተደፍቶ፣ ራሱን ወደ ጉድጓዱ ዘርግቶ፣ "ታንግቹአካ! አንተ ታንግቹአካ!" ብሎ ተጣራ። በስብከት ያን ያህል ጮሆ አያውቅም።

ከታች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ያ ሻካራ ድምፅ ቀጠለ፦

"ዝም ስል ጥሩኝ፣ ያኔ ጥሩኝ…"

ኡፓ ዳርቱአማ እዚያው በጉልበቱ እንዳለ ቀረ። ማስረዳት አላስፈለገውም፤ በራሱ አፍ ጠርቶታላ። እኔ ወቀሳ ነው ያልኩት ስንኝ፣ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚጠብቁበት ደንብ ነበር። ዘፋኙ ሙት አይደለም። የሙት ቦታ ላይ ተኝቶ የሚዘፍን፣ ከላይ ያሉት እንደሚሰሙት የሚያምን ሰው ነው።

ፑ ቹአካ እንደ ገባው እየተሳበ ወጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆመና ቀና አለ፤ ከዓይኑ በቀር ጭቃ ያልነካው የለም። መሰላሉን ወጣቶቹ ለሥራ ብለው አንስተውታል፤ ገቢው ሲወጣ ሁልጊዜም የሚወጣው በእጅ ተስቦ ነው። ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ።

"እጃችሁን ስጡኝ" አለ፤ ይህን አልዘፈነውም፣ ተናገረው። "ብርሃን ከላይ ነው።"

ሦስት አራት ወጣት እጁን ሊሰጥ ተንደረደረ። ፒ ሮዙአሊ ግን ቀደመቻቸው። አፋፉ ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ ያንን የጭቃ ክንድ ጨብጣ ሳበች፤ ጎመን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የኖረ ክንድ ጉልበት አለው። ወጣቶቹ ወገቧን ይዘው ረዷት። ፑ ቹአካ በሆዱ አፋፉ ላይ ወጥቶ ተዘረረ፤ እሷም ከጎኑ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"ሲዘፍነው የሚወጣ ሰው ነበር" አለች።

"የሚወጣ ሰው ነበር" አላት። "ስድስት ዓመት በየቀብሩ በዚህ እጄ አውጥቼዋለሁ። ዘፈኑን መጀመሪያ ያሰማው ለእኔ ነው። 'ፑ ቹአካ፣ ምን እያልኩ ነው?' አለኝ። 'አንድ ሰው ገብቶ ይወጣል' አልኩት። 'በቃ ገባዎት' አለኝና እየሳቀ ሄደ። መንገዱ ነው የገደለው ሮዙአሊ። ያ የተረገመ መታጠፊያ።"

እሷ የዚያን ጊዜ አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሰው ልጁን እንደሚያለቅሰው አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ይህ ግን ከጠዋቱ ለቅሶ ጋር አንድ አልነበረም፤ ከደረቴ ድንጋይ የተነሳ ያህል ነበር።

ፑ ቹአካ አጠገብ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት። "ለዛሬው ብቻ አይደለም።"

"ዶማ ያዝና ይቅር እልሃለሁ" አለኝ። "ጎኑ ገና ሁለት ስንዝር ይቀረዋል።"

ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቤን ሳያመኝ ቆፈርኩ፤ ወጣቶቹ እየሳቁብኝ "መምህር፣ አፈሩ በዚያ በኩል ነው" ይሉኛል፤ ሳቃቸውም ደስ አለኝ። ከወጣቶቹ ቀጠን ያለው አንዱ፣ ቅድም ፈርቶ የወጣው፣ ራሱ ፈቅዶ ገባ። ሲገባ እየዘፈነ ነበር።

ቀትር ላይ ሬሳው ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልበቃንም፤ ሰው በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በመንገዱ ሁሉ ቆሟል። ኡፓ ዳርቱአማ ያዘጋጀውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አጥፎ መልሶ ከተተው። "ዛሬ ጠዋት ስለዚህ ልጅ የማይሆን ነገር አምኜ ነበር" አለ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። "ልክ አልነበርኩም። ልክ የነበረው ታንግቹአካ ነው። ሁላችሁም ስታወሩ ስሰማ ነበርና ይህንንም አውሩ።" ከዚያ የባንዱን ልጆች ፈለገና "ጊታሮቻችሁ የት አሉ?" አላቸው።

ሮጠው አመጡ። ማጉያውን በቤተ ክርስቲያኑ ሶኬት ሰኩት። ከበሮ መቺው ከመቃብር በቀጥታ ስለመጣ ጭቃው እንኳ አልደረቀለትም። ጊታሩ ሲጀምር ከገደሉ ማዶ ያለው ኮረብታ መልሶ ጮኸው። ግን የሚዘፍን የለም፤ ዘፋኙ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሦስቱ ልጆች ተያዩና ማን እንደሚጀምር ጠፋቸው።

ፒ ሮዙአሊ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዜማውን በደንብ አታውቀውም፣ ቃሉን ግን አንድም አልሳተችም። "ቶሎ ቆፍሩ" ብላ ጀመረች፣ ብቻዋን፣ ገበያ ላይ ጎመን በምትጠራበት ድምፅ። በሁለተኛው ስንኝ ቆፋሪዎቹ ገቡ፣ በሦስተኛው ልጃገረዶቹ፣ በአራተኛው ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። "ዝም ስል ጥሩኝ" ላይ ስንደርስ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ መንገዱ ሁሉ አንድ ላይ እየዘፈነ ነበር፤ እሷ ግን የዚያን ያህል ሕዝብ ድምፅ በልጣ ትሰማኝ ነበር፣ ቀና ብላ፣ እጇን በሳጥኑ ላይ አድርጋ። ሦስት ጊዜ ዘፈንነው። እንዲቆም የፈለገ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከሩቅ ሰፈር ሐዘንተኛ ይመጣ ነበር፤ ወሬውን የሰማ፣ እውነቱን ያልሰማ። ፒ ሮዙአሊ በሩ ላይ ትቀበላቸዋለች፣ ወንበር ትሰጣቸዋለች፣ ልጇ ያወጣውን ዘፈን ከፍታ ታሰማቸዋለች፣ እያንዳንዱን ስንኝም ራሷ ትፈታላቸዋለች። ማንንም ግን ምንም ስትጠይቅ አልሰማሁም።